ሰባተኛው እጥበት

ባለፈው ታኅሣሥ አባቴ ከመቱ ቡሬ ድረስ ደወለልኝና ለሠርጌ ቀይዋን መኪና እንዳገኘልኝ ነገረኝ። ከደስታው ብዛት ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። የጎንፋ ልጅ ያለ ኪራይ ሊሰጠን ፈቅዷል፤ ሪባኑም አበባውም ከእነሱ ነው፤ መቱ ውስጥ በዚያች መኪና ያልሄደች ሙሽራ እንደተዳረች አትቆጠርም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናዋን ከሞት ያስነሣት እሱ ራሱ ስለሆነ ልጁን በገዛ እጁ ሥራ ሊድራት ነው።

ስልኩን ዘጋሁበት። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለሰማ ሰው እብደት ይመስላል። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ያቺን መኪና በልጅነቴ ሰባት ጊዜ በእጄ አጥቤያታለሁ፤ ምን እንዳጠብኩ ያወቅኩት ደግሞ ገና ባለፈው ጳጉሜ ነው። ንዴቴ ትኩስ ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ለማንም አላለዝብም፤ ለራሴም ቢሆን።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘጠና ስድስት፣ ክረምት። አባቴ አብዱልመሊክ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ መቱ የቀረ መካኒክ ነው። ጋራዡ ያረፈበት መሬት የጋሽ ጎንፋ ነበር፤ ጋሽ ጎንፋ አንድ ቀን ልቀቅ ካሉት አባቴ መፍቻዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው ነው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው እሳቸው ሲመጡ አባቴ ከመኪና ሥር ፈጥኖ እንደሚወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንደሚቆም ብቻ ነው። ያኔ እኔም አንቱ እላቸው ነበር። አሁን አልልም። ጎንፋ ነው የምለው።

መኪናዋ በአይሱዙ ተጎትታ መጣች። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የእሽቅድምድም መኪና። በንጉሡ ዘመን የጎንፋ አጎት አሥመራ ድረስ ሄዶ አመጣት ይባላል። አጎትየው ከሞተ በኋላ በጎንፋ ጓሮ፣ ግድግዳ በሌለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ከሃያ ዓመት በላይ ቆመች። ቀይ ቀለሟ እንደ ከረመ በርበሬ ጠቁሮ፣ ጎማዎቿ ሟሽሸው፣ ወለሏን ዝገት በልቶት ነበር። ጎንፋ የበኩር ልጁን በጥር ሊድርባት ፈለገ።

አባቴ በሩን ሲከፍተው ሽታው ወጣ። የረጠበ ውሻ፣ የሽንት፣ የሻገተ ስፖንጅ፣ ከሥሩ ደግሞ ስም ያላገኘሁለት ሌላ ሽታ። አይሱዙውን የነዳው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ጎንፋ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ሳቀና ጥፋቱ የጃክ እንደሆነ ነገረን፤ ጃክ ውሻቸው ነው፤ መኪናዋን ቤቱ አድርጓታል።

ጃክንም አየነው። አንዲት ልጅ አንገቱን በገመድ ይዛ አይሱዙውን በእግሯ ተከትላ መጥታ ነበር። ኢሊሊ ትባላለች፤ ከእኔ ሦስት ዓመት ያህል ትበልጣለች። አባቴ የኋላውን ወንበር ሊያይ ሲጎነበስ ማልቀስ ጀመረች። መኪና ሊሠራላት ነው የምታለቅሰው፣ አልኩ በልቤ። ቅምጥል።

ኢሊሊን የጎንፋ ልጅ አድርጌ ነበር የማውቃት። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው። በዳሳ ከሚባል የዳሪሙ ገበሬ በጉዲፈቻ ነው የወሰዳት። ጉዲፈቻ በእኛ አገር የዋዛ ቃል አይደለም። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከአብራክ ከተከፈለው እኩል ነው፤ እንዲያውም ይቀድማል። ስለዚህ ያ ልጅ ምን በላ፣ የት ተኛ ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የለም። የሰጠው አባትም ደጅ እየመጣ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ቃሉን እንደበላ ይቆጠርበታል፤ የወሰደውን ሰው አላመንኩህም እንዳለው ነው። ጎንፋ ሥርዓቱን መቱ ሄደን እንፈጽማለን ብሎ ገበሬውን አሳምኖ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ምርቃት፣ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ብቻ እንደ ጃንጥላ ይዞ ልጅቷን እንደ ወሰደ የተረዳሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ያኔ ግን ባዶ እግሯን እያየሁ፣ የሀብታም ልጆች ጭቃ ለመጫወት ጫማ የሚያወልቁ ይመስለኝ ነበር። የጎንፋን ሚስት የእትዬ ጥሩነሽን ያረጀ ሹራብ እስከ ጉልበቷ ለብሳ ሳያት፣ እናቷ እንዴት ብትወዳት ነው ልብሷን የምታለብሳት እል ነበር። ልጅ ሲቀና ዓይኑ ይታወራል።

አባቴ ከሞተሩ ጀመረ። ፒስተኖቹ በዝገት ተይዘው ስለነበር ካንዴላዎቹን አውጥቶ በቀዳዳዎቹ ናፍጣ አፈሰሰና ጠበቀ። በየጠዋቱ በትልቁ መፍቻ ሞተሩን ትንሽ ገፋ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ ይተወዋል። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ሲዞር አባቴ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሳቀ። ካርቡራተሩን ፈታትቶ በቤንዚን አጠበ፣ የፍሬኑን ቱቦዎች ለወጠ፣ የተበላውን ወለል በላሜራ በየደ። ለብረት የነበረው ትዕግሥት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሽታው ለእኔ ተሰጠ። እጄ ቀጭን ስለሆነ ከወንበሩ ሥር ይገባል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። እናቴ ያ ሕግ ለሳህን ነው፣ ለመኪና ሲሆን ሰምቼ አላውቅም ብላ ብትስቅም አባቴ ሰባት አለ፤ ሰባት ሆነ። የመጀመሪያውን ከሶር ወንዝ ዳር በመጣ አፈር ፈተግሁ። ሁለተኛውን በኦሞ አጠብኩ፤ አረፋው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው በአቼቶ ነበር፤ ዓይኔ እስኪያብጥ አቃጠለኝ። በየመካከሉ ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ ወንበሩ ሥር አሳድራለሁ፣ አመድ እነሰንሳለሁ፣ የቡና አተላ በጣሳ አስቀምጣለሁ። የመቱ ክረምት ግን ምንጣፍ አያደርቅም። ያጠብኩት ሁሉ ይሻግታል፤ ጠዋት በሩን ስንከፍተው ያው ሽታ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

የሽታው ጎጆ የወንበሩ ስፖንጅ ነው። ያንን አውጥቶ መጣል ነው እንጂ ከላይ ከላይ ማጠብ ዋጋ የለውም፤ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። አባቴም ያውቀው ነበር። አላወጣውም።

በሦስተኛው እጥበት ቀን እጄን ከኋላው ወንበር ሥር ሰድጄ ዕቃ አወጣሁ። ቁራጭ ብርድ ልብስ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ደብተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ ኢሊሊ በዳሳ፣ ኢሊሊ በዳሳ፣ ኢሊሊ በዳሳ። ፊደሎቹ መጀመሪያ ጠማማ ነበሩ፤ እየቆዩ ተስተካክለዋል። ለአባቴ አሳየሁት። ጃክ ሰርቆ ያከማቸው ነው አለኝ፤ ውሻ እንዲህ ይሰበስባል። አመንኩት። ደብተሩን ልመልስላት ብዬ ስነሣ ከእጄ ተቀበለኝና ብዙ ጊዜ ወስዶ ገለጠው። አባቴ ቁቤ ማንበብ አይችልም። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ወደሚያነድበት በርሜል ወስዶ ጨመረው። ውሻ የነካው በሽታ አለው አለ። ከዚያ ወደ ውሃው ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ቅባት ሲነካውም እንደዚያ ታጥቦ አያውቅም።

ኢሊሊ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ በየቀኑ ጋራዡ ፊት ትቆም ነበር። ዱቄቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ታሳርፋለች። አንድ ቀን ጣቷን ወደ መኪናዋ ቀስራ «መነ ኮ» አለችኝ። ቤቴ ማለቷ ነው።

መኪና ቤት አይባልም አልኳት። ይባላል አለች። ሳቅኩባት። ቪላ ቤት እያላት መኪናዋንም ቤት ስትል የጉራ ጉራ ሆነብኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ለአባቴ እንድነግርላት አዘዘችኝ፤ ወንበሩን እንዳያወጣው። አዘዘችኝ የምለው ያኔ ትእዛዝ ስለመሰለኝ ነው። ልመና እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ለአባቴ ስነግረው ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሺ ብቻ አለ።

ሌላ ቀን የኋላው ወንበር ላይ ተኝታ አገኘኋት። ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ፣ እጇን በጭኖቿ መካከል አድርጋ። ያ ወንበር ትልቅ ሰው የማያስቀምጥ ጠባብ ነገር ነው፤ እሷን ግን በልኳ የተሰፋ ያህል ያዛት። አምስተኛውን እጥበት የጨረስኩት በዚያው ጠዋት ነበር፤ ዱቄቷን አራግፋበታለች። ጮህኩ። አባቴ ከጓሮ መጣና ክንዴን ይዞ ዝም አሰኘኝ። ከዚያ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ደረበላት። ለእኔ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ተኛች፤ አባቴም ያን ሁሉ ጊዜ መዶሻ አላነሣም። የባለ መሬቱ ልጅ ስለሆነች ነው የሚሽቆጠቆጥላት ብዬ አለቀስኩ።

ያውቅ ነበር እኮ። ካፖርቱን የደረበላት ስላወቀ ነው። ስፖንጁን ያላወጣውም ስላወቀ ነው። የአባቴ ደግነት እስከ ካፖርቱ ድረስ ነበር፤ ከዚያ አንድ ስንዝር አላለፈም።

ሰባተኛው እጥበት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። እናቴ ከጎረቤት ጓሮ አንድ ዘንቢል ሎሚ ለቅማ ሰጠችኝ። ግማሽ ግማሽ እየቆረጥኩ ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ የበሩን ጨርቅ እስኪለሰልስ አሸሁት። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ቆጠቆጡኝ። በዚያ ጠዋት ዝናቡም አረፈና በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ገባበት። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋ ጥሩ ሸተተች።

በዚያው ጠዋት አንድ ሰው መጣ። ረጅም ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ትከሻው ላይ ዱላ፣ በእጁ ማር የተሞላ ቅል። ወደ ጎንፋ በር አየና አልሄደም፤ መጥቶ ጋራዣችን ደጅ ያለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። አባቴ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለው፤ ያኔ ተናገረ። በዳሳ ነው፣ የኢሊሊ አባት። ለገበያ የመጣ ጎረቤቱ ልጅህን ሸክም ተሸክማ ከስታ አየኋት ስላለው ከትናንት ጀምሮ ከዳሪሙ በእግሩ መጥቷል። በጉዲፈቻ የሰጠ ሰው ገብቶ መጠየቅ አይችልም። ግን ልጁ ተቸግራ ከሆነ ቃሉን የበላ ውሸታም ይባል እንጂ ዛሬውኑ ይዟት ይመለሳል። የመጣው ይህን ብቻ ለማወቅ ነው። አባቴን ጠየቀው።

አባቴ ኮፈኑ ሥር እንደጎነበሰ የሰው ቤት ጉዳይ አላውቅም አለ።

በዳሳ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ አይዋሽም ብሎ ይመስለኛል። ኢሊሊን ታውቂያታለሽ ወይ፣ እንዴት ናት አለኝ።

«እሷማ መኪናም አላት» አልኩት። «ይቺ የእሷ ናት። ቤቴ ናት ነው የምትላት።»

አልዋሸሁም። ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

ሰውየው ቆመ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን ላሳየው ፈልጌ ነው። እጁን በሱሪው ጠርጎ የኋላውን ወንበር ጫን አደረገው። ከዚያ አንገቱን አስገባና ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ፣ ቀስ ብሎ፣ የላም አፍ እንደሚያሸት ሰው። ሲወጣ ፊቱ ተፈትቶ ነበር። ይሄ ለኢሊሊ ነው ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ለኢሊሊ ነው አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ቀና ስል አባቴ ያየኛል። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ። የመፍቻው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፤ ያ ብሎን ድሮውኑ የጠበቀ ነበር።

በዳሳ ማሩን እኔ ጋ አኖረ፤ ስትመጣ ስጫት፣ አባትሽ በደስታ ተመለሰ በያት አለኝ። በጎንፋ በር ሳያልፍ በመጣበት መንገድ ሄደ። አረማመዱ ሲመጣ ከነበረው ቀሎ ነበር።

ኢሊሊ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቅሉን ሰጠኋትና አባቷ እንደመጣ ነገርኳት። ዱቄቱ ከጀርባዋ ወደቀ። ምን አልሽው ብላ ጠየቀችኝ። መኪና እንዳለሽ ነገርኩት አልኳት፤ እንድታመሰግነኝ እየጠበቅሁ። በጥፊ መታችኝ። ጉንጬ ላይ የዱቄት አሻራ ቀረ። ከዚያ ወደ ዳሪሙ መንገድ ሮጠች፤ ሹራቡ እግሯ ላይ እየተጠላለፈ ሁለት ጊዜ ስትወድቅ አየኋት። አልደረሰችበትም። የጎንፋ ሠራተኛ ከድልድዩ ወዲህ መልሶ አመጣት። በአራተኛው ቀን ግን ጠፋች፤ ከዚያ በኋላ መቱ ላይ ያያት የለም።

ከተማው ያሳደጉት ውሻ ነከሰ አለ። እኔም አልኩ። ጥፊው ስላልወጣልኝ ከሁሉም ሰው ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጎንፋ ለበዳሳ ልጅህ ሾፌር ተከትላ ጠፍታለች ብሎ ላከበት። በዳሳም አመነ። ለምን አያምን፤ መኪናዋን በእጁ ነክቷታል።

ኢሊሊ በጠፋች በማግስቱ አባቴ የኋላውን ስፖንጅ በቢላ ዘልዝሎ አውጥቶ አቃጠለው፤ በአዲስ ተካው። ሽታው በዚያው ሄደ። በጥር ሞተሩ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ፤ ሙሽራው ፎክሮ ገባ። ሽታውን ያጠፋው የእኔ ሰባተኛ እጥበት ነው ብዬ ለሃያ ዓመት ኮርቻለሁ። ትምህርት ቤት፣ የማይረሳኝ ቀን በሚል ርእስ ጻፉ ስንባል የጻፍኩት እሱን ነው። ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁበት።

ከኮሌጅ በኋላ ከመቱ ብዙም የማትርቀው ቡሬ ተመደብኩ፤ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ባለፈው ጳጉሜ ስመዘግብ አንዲት ሴት ልጇን አስከትላ መጣች። የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማሽኗ ገበያው ዳር ነው። የእናት ስም ስላት ኢሊሊ በዳሳ አለችኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ።

«የጋሽ ጎንፋ ልጅ አይደለሽም?» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «የመካኒኩ ልጅ ነሽ» አለች። «ሎሚዋ።»

ምዝገባው ሲያልቅ ማሽኗ ዘንድ ሄድኩ። ጨርቅ እየገፋች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረችኝ። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አድራ አታውቅም። ሦስት ክረምት መኪናዋ ውስጥ ነው ያደረችው፣ ከጃክ ጋር ተቃቅፋ፤ እሱ ባያሞቃት ኖሮ በብርድ ትሞት ነበር። ደብተሩን የሰጣት የጎንፋ ትንሹ ልጅ ነው፤ ስሟን በጨረቃ እየጻፈች ለመደችው። መኪናዋ ለጥገና ስትወጣ እሷና ውሻው መሬት ላይ ቀሩ፤ ያን ክረምት እንዳትተኛ ያደረጋት ብርዱ ነበር፤ ጋራዣችን የመጣችው እንቅልፍ ፍለጋ ነው።

«የጃክን ሽንት አጠብኩ ትዪ ነበር» አለችኝ። «ጃክ እንኳ ውጭ ነበር የሚሸናው። ጅብ እየፈራሁ አልወጣም ነበር። የእኔ ነው።»

የጠፋች ጊዜ ዳሪሙ ሄዳ እንደነበርም ነገረችኝ። አባቷ ከበር አልወጣም። መኪና ተሰጥቷት የረገጠች ልጅ የለኝም ብሎ በሰው አስመለሳት። ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት እየተሠማራች ቡሬ ደረሰች። ልጅ ስትወልድ መልእክት ላከችበት፤ መልስ የለም።

እቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ጀግና በማግስቱ አባቴ ላይ የጮህኩ እንዳይመስላችሁ። አራት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ኢሊሊ ልጇን ጠዋት ጠዋት ስታመጣ ሰላም እላትና ዓይኔን እሰብራለሁ። ዝምታውን ከማን እንደወረስኩት ታውቃላችሁ። አባቴ በዚያች መኪና ልድርሽ ባይለኝ ኖሮ እስከ ዛሬም ዝም እል ነበር፤ ለዚህም ራሴን አልምርም።

ስልኩን በዘጋሁበት ማግስት መቱ ገባሁ። አባቴ ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ መኪናዋን አስቀድሞ አስመጥቶ የፊት ፓራውልቷን በጨርቅ ይወለውላል። ሲያየኝ ቆመ። በሩን ከፍቼ ውስጡን አሸተትኩ። የፕላስቲክ አበባና የሽቶ ሽታ ብቻ ነው ያለው።

«አባ» አልኩት፣ «ያውቁ ነበር?»

ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። ያ ብቻውን በቂ መልስ ነበር። ጎንፋ መሬቱን ቢነሣው ኖሮ የት እንገባ እንደነበር ተናገረ፤ እኔ በልቼ የተማርኩት ከዚህ ጋራዥ መሆኑን ተናገረ፤ ሁሉም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ጎንፋ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አልኩት፤ የድሀ አደግ አባት ተብሎ ተቀብሯል፤ እርስዎም ቀብሩ ላይ ቆመው ነበር። ደብተሩን ማን አቃጠለው? ያቺ ልጅ ስሟን የጻፈችበትን?

ጨርቁን አጣጥፎ ኮፈኑ ላይ አኖረው። «ያን ቀን ለሰውየው ስትነግሪው ሰምቼሻለሁ» አለ። «ላርምሽ ነበር፣ ልጄ። ከአፌ አልወጣ አለ።»

«እንግዲያው አሁን ይውጣ» አልኩት። «ዳሪሙ እንሄዳለን። እምቢ ካሉ ሠርግም የለም፣ ልጅም የለዎትም። መኪናዋንም ይመልሱ፤ እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ።»

እምቢ አላለም። በሚኒባስ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። አላዘንኩለትም። በዳሳ ይህን መንገድ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እያሰመጠው፣ ማር ተሸክሞ ነው የመጣው።

በዳሳን ደጁ ላይ በቆሎ ሲፈለፍል አገኘነው። ጸጉሩ ነጭ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። አባቴ ሰላምታውን አስረዘመው፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን ጠየቀ። ሲጨርስ እንደገና ከከብቱ ሊጀምር መሆኑ ሲገባኝ አቋረጥኩት።

«መኪና አላት ያልኩዎ ልጅ እኔ ነኝ» አልኩት በኦሮምኛ። «የምትተኛው እዚያች መኪና ውስጥ ነበር። ከውሻ ጋር፣ ሦስት ክረምት። አልተሰጣትም፤ ሌላ ማደሪያ አልነበራትም። ከሾፌርም ጋር አልጠፋችም። እርስዎን ልትደርስብዎ ስትሮጥ መለሷት።»

እጁ በቆሎው ላይ ቆመ።

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እኔም አውቅ ነበር» አለ። ቃሉ በመጨረሻ ወጣ። እንዲህ አጭር ነበር።

በዳሳ እሱን አላየውም። ፊቱን ወደ እኔ ድምፅ አዞረ፤ እኔም ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድቡ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ የከብት ሰው ነኝ» አለ። «ምን የት እንዳደረ አፍንጫዬ አይስተውም። ያን ቀን ልቤ ስላላመነ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ሎሚ፣ ሎሚ ይል ነበር።»

ጣቶቼን ኩታዬ ሥር ደበቅኋቸው።

የት ናት አለኝ። ቡሬ፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ሴት ልጅ አለቻት አልኩት። ውሰጂኝ ብሎ በቆሎውን ከጭኑ ላይ አራገፈና ተነሣ፤ ዱላውን በእጁ ዳሰሰ። ዱላው ተንሸራቶ አባቴ እግር ሥር ወድቆ ነበር። አባቴ ፈጥኖ አነሣውና በሁለት እጁ ዘረጋለት። በዳሳ አልተቀበለውም። አባቴ መሬት ላይ እስኪያስቀምጠው ቆሞ ጠበቀና፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አነሣው።